የጥቅምት አቦ ቅዳሜ ነበር

ባሌ «አገር ሸጧል» ተብሎ መታሰሩን የነገረኝ መንግሥት አይደለም። ደብረ ታቦር ገበያ ጤፍ ላሰፍር ጎንበስ እንዳልኩ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ነው የሰማሁት። «ያቻት አስተማሪዋ፤ ባሏ ምስጢር ሲሸጥ የተያዘው» አለች አንዷ። ዘወር ብዬ «የማን ባል?» አልኳት። ደንግጣ ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። እኔ ጤፌን አሰፍሬ፣ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

ያኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ምላሴ ፈጣን፣ ትዕግሥቴ ቁንጽል፣ ትዳሬ ገና ጫጉላው ያልደረቀ። ባሌ ይትባረክ ደግሞ የኔ ተቃራኒ ነው። አባቱ በእብናት መንገድ ገባ ብላ ባለች የገጠር ደብር ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው፤ እሱም በድቁና ያደገ የቤተ ክህነት ልጅ ነው። የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ዘመተ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ የሰማውን የማይረሳ ስለሆነ የመገናኛ ሬዲዮ ላይ መደቡት።

ስለ ሳቁ ካልነገርኳችሁ ግን የቀረው ሁሉ አይገባችሁም። ይትባረክ ቀልድ ቶሎ አይገባውም። ሰው ሁሉ ስቆ ሲጨርስ፣ ወሬው ተቀይሮ ሌላ ነገር ሲነሳ፣ እሱ ድንገት ይጀምራል። ያን ጊዜ ቤት ያለው ሁሉ በሱ ሳቅ እንደገና ይስቃል። ከዘመተ በኋላ የናፈቀኝ መልኩ አልነበረም፤ መልኩማ ፎቶ ላይ አለልኝ። ያ ሳቅ ነው የናፈቀኝ። አንዳንድ ቀን ራት ስበላ ለብቻዬ ቀልድ እናገርና ዝም ብዬ እጠብቅ ነበር። ሞኝነት ነው፤ ግን ያደረግሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከሱ ጋር አብረው በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠሩ ሁለት ጓደኞቹም ታስረዋል። ሦስቱም ለማዶው ጦር ምስጢር ሸጠዋል ነው የሚባለው። የት እንደታሰሩ አይታወቅም። በከተማው የሰደበኝ ሰው የለም፤ እኔ ስገባ ወሬ መቆሙ ግን ከስድብ ይብስ ነበር። ጎረቤቶቼ በደጄ ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ለየኔታ ደግሞ መታሰሩን እንጂ ምክንያቱን ደፍሮ የነገራቸው አልነበረም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ጦርነቱ በቆመ ሰሞን፣ ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ክፍል ውስጥ ሳለሁ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሙ። ኮፍያቸውን አውልቀዋል። «የኔ ልጅ፣ ወታደር ይፈልግሻል» አሉኝ። መርዶ ነው አልኩ በልቤ። ጠመኔዬን አስቀምጬ ስሄድ ከጉና ተራራ የሚመጣው ብርድ ፊቴን ይገርፈኛል፤ እኔ ግን አልበረደኝም።

ዳይሬክተሩ ቢሮውን ለቆ ወጥቷል። በሱ ወንበር ላይ አንድ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሻምበል ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቴፕ አለ።

«ባለቤትሽ በሕይወት አለ» አለኝ፣ ገና ሳልቀመጥ። ስለዚያች ቃል እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ። «ጉዳዩን የምመረምረው እኔ ነኝ። አንድ ድምፅ አሰማሻለሁ፤ የምታውቂው ከሆነ ንገሪኝ።»

ቴፑን ከፈተው። መጀመሪያ ንፋስ የመሰለ ጩኸት ነው። ከዚያ አንድ ሰው፣ የትግርኛ ቅላጼ ባለው አማርኛ፣ «ሰማኸኝ ወይ? ነነዌ ዘንድሮ መቼ ነው የሚገባው? እዚህ የሚነግረን አጣን» አለ።

«ቆይ እስቲ፣ ላውጣው» አለ ሌላው።

ይትባረክ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ ከዚያች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ሲወጣ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«እንደ ድሮህ እንዳትስት!» አለው የማዶው ሰው።

ዝም አለ። ቴፑ ውስጥ ንፋሱ ብቻ ይሰማል። ሻምበሉ የተቋረጠ መስሎት ሊነካው እጁን ሲዘረጋ «ተወው፣ ይመጣል!» አልኩት፣ ጮኼ መሆን አለበት። መጣም። ያ ዘግይቶ የሚመጣ ሳቅ፣ ልክ ቤታችን ውስጥ እንደሚመጣው፣ ቢሮውን ሞላው። እኔ አለቀስኩ። ሻምበሉ ቴፑን አቆመና መስኮት መስኮቱን ያይ ጀመር።

«ባሌ ነው» አልኩት እንባዬን ስጠርግ።

«ሌላውስ?»

«አላውቀውም።» እውነቴን ነው፣ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ግን ጠረጠርኩ። ይትባረክ በልጅነቱ አብሮት ስለተማረ፣ «የመረቡ» እያሉ ስለሚጠሩት አንድ የሩቅ አገር ተማሪ ብዙ ጊዜ አጫውቶኛል። ይህን ግን አልነገርኩትም።

ሻምበሉ ወንበሩን ወደኔ አስጠጋ። «ቀጥሎ ቁጥር ነው የሚያወሩት። ባለቤትሽ የጾም ቁጥር ነው፣ ባሕረ ሐሳብ ነው ይላል። ነነዌ ጾም መሆኑን እኔም አላጣሁትም፣ ጾሜ ነው ያደግሁት። ጦር ሜዳ ላይ ግን በሬዲዮ ሠርግ ያለ ሁሉ ሠርግ ማለቱ አይደለም። በዚያ ሰሞን ቦታችን ተደብድቦ ሰው ሞቶብናል። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ሌላም አለ። ሰውየውን ጭራሽ አላውቀውም ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። "እንደ ድሮህ" የሚለው ሰው ግን ያውቀዋል። በዚህ ከዋሸ ቁጥሩንም የሚያምንለት የለም። እሱ ብቻ አይደለም፣ ሦስቱም ናቸው የሚሞቱት። ባሕረ ሐሳብ ያስተማረኝ አባቴ ነው ይላል። የት ነው ያሉት?»

በሱ መኪና ወደ የኔታ ስንሄድ፣ ከጎኑ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ነው። የኔታ ያን ድምፅ ለይተው «አውቀዋለሁ» ካሉ ባሌ አለቀለት። የኔታ ደግሞ መዋሸት የማይችሉ ሰው ናቸው፤ በበጎ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በዚህ ጠባያቸው ስንቱን ሰው አስቀይመዋል። ቀድሜ ሄጄ ላስጠንቅቃቸው ብል መኪና እንዴት ይቀደማል? መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጎማው በተንሸራተተ ቁጥር ምነው እዚህ በቀረን እያልኩ እጸልያለሁ። መኪናው አልቀረም። መንገዱ ሲያልቅ ወርደን በድንች ማሳ ጠርዝ በእግር ሄድን።

የኔታ ከጎጇቸው በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተማሪ ያስቀጽላሉ። ዓይናቸው ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ሰው የሚለዩት በኮቴና በድምፅ ነው።

«ጥሩ ናት» አሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው። ስሜ ጥሩወርቅ ነው። «ሌላው ጫማ ግን ከባድ ነው። ማንን ይዘሽ መጣሽ?»

«ከይትባረክ ዘንድ የመጡ መኮንን ናቸው የኔታ። የሚጠይቁዎ ነገር አለ። የማያውቁትን ነገር አላውቅም ይበሏቸው» አልኩ፣ «የማያውቁትን» የሚለውን ጠበቅ አድርጌ።

«የማላውቀውንማ አላውቅም ነው እንጂ ምን ልል ኖሯል?» አሉና ተማሪዎቹን አሰናበቱ። «ልጄ ደህና ነው?»

«በሕይወት አለ አባቴ» አለ ሻምበሉ። ዝቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ቴፑን ጉልበታቸው አጠገብ አኖረው። «ድምፁን አሰማዎታለሁ።»

ንፋሱ ጀመረ። እኔ ከጎናቸው ተጠግቼ፣ ጥቅሻ እንደማያዩ እያወቅሁ በዓይኔ ሁሉ ጠቅሻቸዋለሁ። የማዶው ሰው «ሰማኸኝ ወይ?» ከማለቱ እግራቸውን ረገጥኩ።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልሁሽ እግሬን የምትረግጭኝ?» አሉ የኔታ፣ ጮክ ብለው።

ሻምበሉ ቀና ብሎ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የኔታ ግን ይህን ሁሉ ረስተዋል። ወደ ቴፑ ተጠግተው ጆሯቸውን ደቅነው ፊታቸው በርቷል።

«ሃብተማርያም!» አሉ። «የመረቡ ሃብተማርያም! ተርፏል እንዴ? እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ!»

ሻምበሉ ቴፑን አቆመ። «ያውቁታል?»

«ከዚያ ማዶ በእግሩ መጥቶ እዚችው ጎጆ ነው የተማረው። ከይትባረክ ጋር አንድ ደበሎ ለብሰው ነው ያደጉት። እንዴት አላውቀው?»

«ልጅዎ ግን አላውቀውም ብሏል።»

የኔታ ከቴፑ ቀና አሉ። የታሰረበትን ምክንያት በዚያች ቅጽበት የተረዱት ይመስለኛል፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። አሁን ያስተባብላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እጃቸውን ይዤ ጨመቅሁ። ቀስ ብለው እጃቸውን አስለቀቁኝ።

«ፈርቶ ነው» አሉ። «እሱ ቢፈራ እኔ ወንድሙን አልክድበትም። ሁለቱንም እዚህ ነው ያሳደግኋቸው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት እኒያን ሽማግሌ ጠላኋቸው። ልጃቸውን በአንደበታቸው ገደሉት አልኩ። ሻምበሉ ሳቁ እስኪያልቅ ቴፑን አጫወተና እንደገና አቆመው።

«አባቴ፣ ከዚህ ቀጥሎ ልጅዎ ምን ይላል? ሳልከፍተው ይንገሩኝ።»

«ለነነዌ ነው የጠየቀው? ለዚችው ለዘንድሮዋ?» አሉና ጣታቸውን እያጠፉ ጀመሩ። «ወንበር አምስት ይላል። አበቅቴ ሃያ አምስት። መጥቅዕ አምስት፤ ከአሥራ አራት ያንሳልና ጥቅምት አምስት ይውላል። የዕለቱ ጭማሪ፣ ተውሳኩ፣ ስምንት። አምስትና ስምንት አሥራ ሦስት፤ ነነዌ የካቲት አሥራ ሦስት።»

ሻምበሉ ከፈተው። «ወንበር አምስት» አለ ይትባረክ። «አበቅቴ ሃያ አምስት... መጥቅዕ አምስት፣ ጥቅምት...» ሻምበሉ አንገቱን ይነቀንቃል፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አደረግሁ። «ተውሳክ ሰባት። አሥራ ሁለት። የካቲት አሥራ ሁለት ትገባለች።»

«አልገጠመም» አለ ሻምበሉ።

ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ።

«መልሰው እስቲ» አሉ የኔታ። መለሰው። ያው ሰባት ነው። በልጅነቱ እንደሚያደርጉት ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ድምፃቸው ግን ቀጠነ። «ጥሩ፣ ጥቅምት አምስት፣ የጥቅምት አቦ፣ ምን ቀን ዋለ?»

«ቅዳሜ» አልኩ። ትምህርት ስለሌለን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበርና አስታውሳለሁ።

«ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ ስምንት ነው፣ የእሑድ ሰባት። እሱ እሑድ መስሎታል። አንድ ቀን ጠፍቶበታል።» ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። «የካቲት አሥራ ሁለት እኮ እሑድ ናት፤ በሰንበት ጾም አስገባቸው! ከእኔ ጎጆ የወጣ ልጅ! ምን ዓይነት ቦታ ቢሆን ነው ሰንበትን የማያውቅበት? ዛሬ ሰንበት ነው የሚለው አንድ ሰው አጣ ልጄ?» አሉና እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

እኔ ሳለቅስ የከረምኩት ለሞት ነበር። እሳቸው ያለቀሱት ለአንድ ለጠፋች ቀን ነው። ያኔ ነው ይትባረክ የነበረበት ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየኝ፤ ጨለማው፣ አፈሩ፣ ቀኑ ከቀን የማይለይበት።

ሻምበሉ ቴፑን ዘግቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። «ምሽግ ውስጥ ቀን ይጠፋል አባቴ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም ጠፍቶብኝ ያውቃል።» ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር «ምስጢር የሚሸጥ ሰው ግን ቀን አይጠፋበትም። ዋናው ሸቀጡ ቀን ነው» አለ።

ሊሄድ ሲነሳ እጁን ያዝኩት። «እባክህ፣ ያችን ሳቅ አንድ ጊዜ ብቻ» አልኩት። ደንብ የሚከለክለው ይመስለኛል፣ ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ምርመራ እንደቀረው ሰው ኮስተር ብሎ ከፈተልን። እኔና የኔታ ጎን ለጎን ሆነን፣ ዝምታውን ጠብቀን፣ ሰማነው። ሲያልቅ የኔታ እንዲህ አሉት።

«ስታገኘው የጥቅምት አቦ ቅዳሜ ነበር በልልኝ። ያገኘህበትንም ቀን ንገርልኝ፤ ሰኞም ከሆነ ሰኞ፣ ሐሙስም ከሆነ ሐሙስ። ሌላ መልእክት የለኝም።»

ሻምበሉን ዳግመኛ አላየሁትም። ከወራት በኋላ የሦስቱም የምስጢር መሸጥ ክስ መነሳቱን ሰማን። ከጠላት ጋር ያለ ፈቃድ በመነጋገር ግን ተፈረደባቸው፣ ይትባረክም ሐሰተኛ ቃል በመስጠቱ ተጨመረበት። ሞት ቀርቶ እስር ሆነ። የኔታ የልጃቸውን መመለስ ሳያዩ አረፉ፤ እስከ መጨረሻው ግን በሄድኩ ቁጥር «ሰንበትን ያውቅ ይሆን?» ይሉኝ ነበር። የጠላኋቸውን ያህል ወደድኋቸው፣ ነግሬያቸዋለሁም።

ይትባረክ የተመለሰ ዕለት ብዙ አልተናገረም። አመሻሹ ላይ ነው ያወራኝ። «አንድ ቀን በሩ ተከፈተና መርማሪዬ ሻምበል ገባ። ሊደበድበኝ መስሎኝ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። "አባትህ የጥቅምት አቦ ቅዳሜ ነበር ብለውሃል፤ ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው" ብሎኝ ወጣ። ተቀምጬ አለቀስኩ ጥሩዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልጠፋኝም።»

ሰውየው መጣልኝ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ቀልድ ሲነገር ከሰው እኩል ፈገግ ይላል፣ በቃ። እኔ ወሬው ተቀይሮ ሌላ ነገር እስኪነሳ እጠብቃለሁ፤ ዝም ነው። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ባሌን እናፍቅ ነበር። አንዳንዴ ያ ካሴት በየትኛው ቢሮ፣ በየትኛው መሳቢያ እንዳለ አስባለሁ። ሌባ ብሆን እሱን ነበር የምሰርቀው።

በዚህ ላይ ብዙ ዓመት አለፈ። ከዚያ ከማዶ ጋር እርቅ ወረደና ስልክ ተከፈተ። አዲሱ ዓመት በገባ ሰሞን ጓዳ ድንች ስልጥ የይትባረክ ስልክ ጠራ። አንድ ሹፌር ነው አሉ ቁጥራችንን አፈላልጎ ለሃብተማርያም የወሰደለት። «አቤት» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ደንግጬ ቢላዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አዎ፣ እኔው ነኝ» አለ። «አረፉ... አዎ፣ ስምህን ጠርተው ነው...» ሁለቱም ሲያለቅሱ ቆዩ። በመጨረሻ ይትባረክ አፍንጫውን ጠረገና «ዘንድሮማ ለማስላትም አያስቸግርም» አለው። «ወንበሩ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዞሮ እዚያው መጥቷል፣ ያው አምስት ነው። መጥቅዑም ጥቅምት አምስት፣ ልክ እንደ ምሽጉ ዓመት። የጥቅምት አቦ ሰኞ ይውላል፤ ነነዌ የካቲት አሥራ አንድ።»

ስልኩ ውስጥ የሩቅ ድምፅ የሆነ ነገር አለ። አልሰማሁትም፣ ግን ምን እንዳለው አውቃለሁ። ይትባረክ ዝም አለ። ቢላዬን እንደያዝኩ ጠበቅሁ።

መጣ።

ስልኩ በኋላ መልሶ ተዘጋ፣ ድንበሩም እንዲሁ። ይትባረክ ግን ነነዌ በቀረበ ቁጥር ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ከራስጌው ያኖረዋል፤ እኔም ምንም አልለውም። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከሩቅ ያለ፣ የታሰረ፣ የታመመ ሰው ካላችሁና የምትሉት ቃል ከጠፋችሁ፣ ቀኑን ንገሩት። ዛሬ ሰንበት ነው በሉት። ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ቤታችን ውስጥ እስከዛሬ ማለዳ ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፣ ራሱ እያወቀው። ይህን የምጽፈው ሐሙስ ጠዋት ነው። ነግሬዋለሁ።